እጅዎ ይባረክ ጋሼ፦ ከጥንቸል ጠጉር ኒምፍ ለሚሠሩልኝ ባለሙያ

በሰው ሠራሽ ዝንብ ትራውት የሚባለውን ዓሣ የምታጠምዱ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። ኒምፍ በእጃቸው የሚሠሩ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ላመሰግናቸውም ልጠቁማቸውም ስለፈለግሁ ነው የምጽፈው።

ለጀማሪዎች ባጭሩ፦ ኒምፍ የሚባሉት ውሃ ውስጥ የሚያድጉ፣ ገና ክንፍ ያላወጡ ነፍሳት ናቸው። ትራውት አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከውሃው ገጽ በታች ነው። ስለዚህ እነሱን የሚመስል ነገር መንጠቆ ላይ ጠምጥመን ወደ ታች እንልክለታለን፤ እሱንም ኒምፍ እንለዋለን።

የጋሼ ሙያ ጠጉሩ ላይ ነው። የሚጠቀሙት የጥንቸል ፊትና ጆሮ ጠጉር ነው። የጆሮው አጭርና ሸካራ ነው። የጉንጩ ረዘም ይላል፤ ከሥሩም ለስላሳ አለው። እሳቸው ሁለቱን በጣታቸው እየበጠሱ ይቀላቅሉታል። ለስላሳው ክሩን ይይዛል። ሸካራው ወደ ውጭ ይቆምና እግር ይመስላል። ለስላሳው ብቻ ቢሆን ኒምፉ ልሙጥ ይሆናል፤ ሸካራው ብቻ ቢሆን ደግሞ ክሩ ላይ አይረጋም። ቀለሙም አንድ ወጥ አይደለም፤ ገብስማ፣ ቡኒ፣ ጥቁር ጣል ጣል ያለበት ነው። የወንዝ ነፍሳት መልክም እንዲሁ ነው። በዚያ ላይ በጠጉሩ መሀል ትንንሽ የአየር አረፋዎች ይያዙና ውሃ ውስጥ ብልጭ ይላሉ። ፋብሪካ ከሚያወጣው አርቲፊሻል ጠጉር ይልቅ ይሄኛውን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሲሠሩ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እንዳይ ፈቅደውልኛል። መንጠቆው ሞርሳው ላይ ከመግባቱ በፊት ጉጡን፣ ማለትም ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የሾለችውን መንጠቆው እንዳይወጣ የምትይዘውን፣ በፒንሳ ይደፈጥጡታል። ዓሣውን መልሶ ለሚለቅ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መንጠቆው የሚሰበር ከሆነም ሳይደከምበት ይሰበር ይላሉ። ከዚያ ጥቂት ጠጉር ለጭራ፣ ቀጥሎ ቀጭን ወርቃማ ሽቦ። ክሩን ሰም ያስነኩና ጠጉሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሹ ያጠነጥኑበታል። የሚወስዱት ጠጉር በጣም ትንሽ ነው። «ይበቃል ካልከው ላይ ግማሹን መልስ» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ሰውነቱ ከጭራው ቀጥኖ ወደ ትከሻው ይወፍራል። ሽቦውን ጠጉሩ ከዞረበት በተቃራኒ ያዞሩታል። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ የትራውት ጥርስ ጠጉሩን እንዳይፈታው ነው። ከሌላ ቦታ የገዛኋቸው ጥቂት ዓሣ ከያዙ በኋላ ይፈቱ ነበር። የጋሼ ግን እየተንጨፈረረ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል። መጨረሻ ላይ ራሳቸውም ደረቱን በመርፌ ጫር ጫር አድርገው ሆን ብለው ያንጨፈርሩታል።

ደግሞ ዝም ብለው ትእዛዝ አይቀበሉም። ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል? ይፈጥናል? ብለው ይጠይቃሉ። ለፈጣንና ጥልቅ ውሃ የተንግስተን ዶቃ ያደርጉበታል፤ በእኩል መጠን ከናስ ዶቃ ከእጥፍ በላይ ይከብዳል። ለለዘብተኛው ውሃ የናስ። ለጥልቀት አልባው ዶቃ የሌለው። ሦስቱ እንዳይምታቱብኝ ራስጌው ላይ የክሩን ቀለም ይለያዩልኛል። ይሄን ማንም አድርጎልኝ አያውቅም።

አጠቃቀሙንም ያሳዩት እሳቸው ናቸው። ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ወርውረህ ኒምፉ በውሃው ፍጥነት ብቻ እንዲወርድ ልቀቀው። ክሩ ከጎተተው ትራውቱ አይነካውም። ተንሳፋፊ ምልክት ከተጠቀምክ ከኒምፉ ያለው ርቀት የውሃውን ጥልቀት 1.5 እጥፍ ያህል ይሁን። ምልክቱ ቆም ወይም ነቅነቅ ካለ ዘንጉን ቀና አድርግ፤ ዓሣ መሆኑን እስክታረጋግጥ አትጠብቅ፤ ተፍቶት ይሄዳል። ኒምፉ አንተን አልፎ ወደ ታችኛው የወንዙ ክፍል ሲደርስ ደግሞ ብዙ ሰው ወዲያው ያወጣዋል። ጋሼ ግን ተወው ይላሉ። ክሩ ሲወጠር ኒምፉ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይነሳል፤ ክንፍ ሊያወጣ ወደ ውሃው ገጽ የሚወጣ ነፍሳት ይመስላል። ትራውቱ ብዙ ጊዜ ጎርሶ የሚይዘው እዚያች ላይ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ፈጣን አይደሉም። ለነገ ጉዞ ዛሬ ብታዝዙ አይሆንም። የሚያብረቀርቅና ያሸበረቀ የምትፈልጉም ሌላ ሰው ፈልጉ። እውነተኛ ጠጉር ያለው፣ የሚበረክት ኒምፍ ለሚፈልግ ግን ከእሳቸው የተሻለ አላውቅም።

ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አይወዱም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የምታጠምዱበትን ውሃ ጥልቀትና ፍጥነት አጣርታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።