የተከራየኋት መኪና ስትፈላ፦ ስለ አከራዩና ስለ ሁለት ጋራዦች

አገር ቤት በቆየሁበት ጊዜ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች በአብዛኛው ደህና ነበሩ። ማረፊያው ንጹሕ ነው፣ የስልክ መስመሩም ሠርቷል፤ ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም። ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ስለ መኪናዋ ነው። ለዘመድ ጥየቃ መጥቶ መኪና የሚከራይ ሁሉ ሊገጥመው ይችላልና።

አከራዩ ትሁት ሰው ነው። ቁልፉን ሲያስረክበኝ ከኋላ ውሃ የሞላ ጀሪካን አሳየኝና “ዳገት ላይ ትንሽ ትሞቃለች፣ ስትፈልግ ጨምርባት” አለኝ። ጤነኛ መኪና ግን ውሃ አትጠጣም። የማቀዝቀዣው መስመር ዝግ ስለሆነ ውሃው ከቀነሰ ወይ የሆነ ቦታ ያፈሳል፣ ወይ በራዲያተሩ (የሞተሩን ውሃ በንፋስ በሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ክዳን ይወጣል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ እየተቃጠለ ነው። እንዲህ ያለ ጀሪካን ያየ ተከራይ ሌላ መኪና ቢጠይቅ አያፍርም።

ከተማ ውስጥ የሙቀት መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለም፤ ረጅም ዳገት ስንጀምር ግን ወደ ቀዩ ተጠጋ። ኤሲውን አጥፍቼ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ የሞተሩ ሙቀት በከፊል ወደ ውስጥ ስለሚወጣ ዳር እስኪያዙ ጊዜ ይሰጣል (ለተሳፋሪዎች ግን ስቃይ ነው)። ቆመን ሳለ አንድ አላፊ አግዳሚ “ክዳኑን ክፈትና ውሃ አፍስስበት” አለኝ። በፍጹም አይሞከርም! ግፊት ውስጥ ያለ ውሃ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል፤ ክዳኑ ሲላላ ግን ባንዴ ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ፊት ላይ ይገነፍላል። ሞተሩ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን።

የመጀመሪያው ጋራዥ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ገና አንድ መሣሪያ ሳያነሳ “ጓርኒሲዮን በልቷል፣ ቴስታታ ይወርዳል” አለ። የሞተሩ የላይኛው ክፍል (ቴስታታ) ሥር ያለው ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) ተበላሽቷል፣ ቴስታታው ይፈታል ማለቱ ነው። በምን እንዳወቁ ስጠይቅ መልስ የለም። ይህ ብልሽት እኮ ምልክት አለው፦ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ወተት የተቀላቀለበት የሚመስል ዘይት፣ ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሳ ወዲያው የሚጠነክር የራዲያተር ቱቦ፣ ራዲያተሩ ውስጥ የሚንተከተክ አረፋ። አንዱም አልነበረም። ቴስታታ ማውረድ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሳይመረምሩ የሚያዙት አይደለም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ የተገናኘሁት መካኒክ ወጣት ነው። ኮፈኑን ሳይነካ “ጋሼ፣ የምትሞቀው ቆማ ነው ወይስ ስትሄድ?” ብሎ ጠየቀኝ። ቆማ ወይም በመጨናነቅ ውስጥ ከሆነ የሚጠረጠረው ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ)፣ ሪሌው (የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያው)፣ ፊውዙ ወይም የሙቀት ሴንሰሩ ነው። ስትሄድ ንፋሱ በራሱ ስለሚገባ ዳገት ላይ የምትሞቅ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ውሃው ዝውውር፣ ወደ ፓምፑ፣ ወደ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍና የሚዘጋ ቫልቭ) እና ወደ ራዲያተሩ መደፈን ይዞራል።

ቀጥሎ በቀዝቃዛው ሞተር ላይ በእጅ የሚነፋ የግፊት መለኪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጠመ። መርፌው አልወረደም፤ የሚያፈስ ነገር የለም ማለት ነው። ከዚያ ሰማያዊ ፈሳሽ የያዘ ብልቃጥ አፉ ላይ አድርጎ ሞተሩን አስነሳ። የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው የሚያመልጥ ቢሆን ፈሳሹ ቢጫ ይሆን ነበር። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፣ የቴስታታው ወሬም እዚያው አበቃ።

ጥፋተኛው ክዳኑ ሆነ። ላዩ ላይ 1.1 ባር ተጽፎበታል፤ ሲለካ ከግማሹ ሳያልፍ ለቀቀ። ግፊት ያልያዘ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። 2,500 ሜትር ላይ ተራ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ብዙ ሞተሮች የሚሠሩት እዚያው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ የነበረውም ኩላንት (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀ ፈሳሽ) ሳይሆን የዛገ ውሃ ነው። የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ነበር። አከራዩ በስልክ ሲጠየቅ “እንዳትሞቅ ብዬ አስወጣሁት” አለ! ቴርሞስታት ማውጣት ሞተሩ ቶሎ እንዳይሞቅ፣ ነዳጅም እንዲፈጅ ከማድረግ በቀር ይህን ችግር አይፈታም።

በኤሲው ኮንደንሰር (ከራዲያተሩ ፊት ያለው የኤሲው ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መካከል የተጠቀጠቀውን አቧራና ነፍሳት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ የራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች እንዳይጣመሙ ግፊት በሌለው ውሃ ቀስ አድርጎ አጠበው። አዲስ ክዳንና ቴርሞስታት ገባ፤ ኩላንቱ ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ ተሞላ፣ ማሞቂያው ተከፍቶ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩ ሠራ። ያንኑ ዳገት ስወጣ መርፌው ከመሃል አልተነሳም።

አከራዩ የጥገናውን ወጪ ከኪራዩ ቀንሶልኛል፤ መኪና አልባ ለዋልኩበት ጊዜ ግን ምንም አላለም፣ ስለዚህ ከአምስት ሦስት ኮከብ። ለመጀመሪያው ጋራዥ አንድ። ለሁለተኛው አራት፤ አንዷን የቀነስኩት “ነገ ጠዋት ትደርሳለች” ያሉኝ መኪና የደረሰችው በማግስቱ ማታ ስለሆነ ነው።