ፒተር ፓን ወይስ ኦስካር?

ፒያሳ፣ ማኪያቶ ላይ ክርክር ተነሳ። «አላድግም» ካሉት የልብወለድ ልጆች የቱ ይበልጣል? ግማሹ የጄምስ ባሪን ፒተር ፓን ያዘ፤ ቴአትሩ በ1904፣ መጽሐፉ በ1911 እ.ኤ.አ. የወጣውን። ግማሹ የጉንተር ግራስን ኦስካር፣ የ1959ኙን «የቆርቆሮ ከበሮ» ልብወለድ ጀግና።

ፒተር ጋ ጊዜ የሚመጣው በአዞ ነው። አዞው የባሕር ወንበዴውን የካፒቴን ሁክን እጅ በልቷል፤ ሰዓትም ውጧል። ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ሲል ሁክ ነፍሱ አትቀርለትም። ልጁ ግን ደንታም የለው። ጭራሽ የአዞው ሰዓት ሲቆም፣ ድምፁን ራሱ እያስመሰለ የሁክ መርከብ ላይ ይወጣል! ያለማደጉ ዋጋ መርሳት ነው። በዓመቱ ጓደኛው ዌንዲ ሁክን ስታነሳበት ማን እንደሆነ አያውቅም።

ኦስካር ደግሞ ምንም አይረሳም። 3 ዓመት ሲሞላው ከበሮ ተሰጠው፤ ከምድር ቤቱ ደረጃ ራሱን ወረወረና 94 ሴንቲሜትር ላይ ቀረ። ጭንቅላቱ ግን የአዋቂ ነው። በናዚዎቹ ዘመን ዳንዚግን (የዛሬዋን የፖላንድ ከተማ ግዳንስክን) ከታች ወደ ላይ እያየ ይታዘባል። ከበሮውን ሊነጥቁት ሲሉ በጩኸቱ መስታወት ያረግፋል። በ20 ዓመቱ፣ አባቱ ነው በሚባለው ሰው ቀብር ላይ፣ ከበሮውን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ማደግ ይጀምራል።

እኔ ለኦስካር አደላለሁ። ፒተር የሸሸው ትምህርት ቤት፣ ቢሮና ጺም ነው፤ ኦስካር የታዘበው ትልልቆቹን ራሳቸውን። ማታ ለልጅ የሚነበብ ከሆነ ግን ፒተር ይሻላል። ኦስካርማ ጣጣ ነው።