ዙሪክ ሐይቅ ዳር ያለው የለ ኮርቡዚዬ ሙዚየም

ሕንፃ የሚነድፍ፣ የሚጽፍና የሚሥል ሰው እንዴት እንደሚያስብ ማየት ለሚፈልግ ይህን ሙዚየም እመክራለሁ። የተከፈተው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። የነደፈው ስዊዘርላንድ የተወለደው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ ራሱ ግን አላየውም፤ በ1965 ሞቷል። ያሠራችው የጋለሪ ባለቤቷ ሃይዲ ዌበር ናት፤ የእሱን ሥዕሎች በጣም ትወድ ነበር።

ሰውዬው ጠዋት ይሥላል፣ ከሰዓት ቢሮ ይገባል። በ1930 የፈረንሳይ ዜግነት ሲያገኝ ሙያው «የሥነ ጽሑፍ ሰው» ተብሎ ነው የተመዘገበው። አርክቴክት አላለም እኮ!

ቤቱ ብረትና መስታወት ነው። በመሀሉ ደማቅ የኢናሜል (ብረት ላይ በእሳት የተጋገረ አንጸባራቂ ቀለም) ሰሌዳዎች አሉ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ጣሪያው ከቤቱ ተነጥሎ እንደ ጃንጥላ ከላይ ቆሟል። ልኩ ሁሉ የተነሣው ከ226 ሳንቲሜትር ነው፤ እሱ ባወጣው የልኬት ሥርዓት፣ እጁን ሽቅብ የዘረጋ ሰው ከፍታ። ለእኔ ለአጭሯ ተስማምቶኛል። ረጅሙ ጓደኛዬ ግን የክፍሉን ኮርኒስ በመዳፉ እየነካ ሲስቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ሥዕሎቹ ለብቻቸው ብዙም አይገርሙኝም። ያው ቀለም ግድግዳ ሲሆን ነው ልቤን የወሰደው። ሰገነቱን ሳታዩ አትውጡ። በብርዱ ወራት ስለሚዘጋ ግን ቀኑን አጣርታችሁ ሂዱ።