የሪሞት ዴስክቶፕ ክፍያ፦ በሰው፣ በኮምፒውተር ወይስ በመስመር?

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የደብረ ሲናን፣ የሸዋ ሮቢትን ወይም የመሐል ሜዳን ደንበኛ ሂሳብ የሚሠራ ሰው የሪሞት ዴስክቶፕን፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያለን ኮምፒውተር በኢንተርኔት የመክፈቻውን ፕሮግራም፣ ጥቅም ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም፤ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር እዚያው ደንበኛው መጋዘን ውስጥ እንዳለ የሂሳብ ሠራተኛው ከወንበሩ ሳይነሣ ይከፍተዋል፣ ለአንድ የተሳሳተ ቫውቸር ሲባል የጣርማ በርን ቁልቁለት መውረድም ቀርቷል። የሚያስቸግረው የክፍያውን ዓይነት መምረጡ ነው። ሻጮቹ ሁሉ «በወር ይህን ያህል» ብለው ይጽፋሉ፤ ይሁን እንጂ አንዱ የሚቆጥረው ሠራተኛን፣ ሌላው ኮምፒውተርን፣ ሦስተኛው ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈተውን ግንኙነት ነው። ይህን ሳይለዩ ዋጋ ማወዳደር የምንጃርን ጤፍ በኩንታል፣ የመንዝን በግ በቁጥር ጠይቆ የቱ ይረክሳል እንደ ማለት ይሆናል።

አብዛኞቻችን የጀመርነው ከነፃው ነው። ቲምቪወርም ሆነ ኤኒዴስክ የተባሉት የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች በነፃ የሚፈቅዱት ለግል አገልግሎት ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን ላፕቶፕ ቢያስተካክል ማንም አይከለክለውም፣ ደንበኛን አስከፍሎ መሥራት ግን ንግድ ነው። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የአጠቃቀሙን ሁኔታ እያዩ ንግድ ነው ብለው ሲጠረጥሩ ግንኙነቱን ይገድባሉ። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ ፕሮግራም ይህ በእኔም ላይ ደርሷል። የሸዋ ሮቢት ደንበኛዬን የደመወዝ ሂሳብ በሐምሌ ወር እየመዘገብሁ ሳለ ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ወጣና ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ ደንበኛው ወዲያው ደውሎ «ምነው፣ እናንተ ጋ መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ። መብራቱስ ነበረ፤ ሊከፈልበት የሚገባውን በነፃ ስጠቀም ተይዤ ነው።

ዊንዶውስ ራሱ የያዘው ሪሞት ዴስክቶፕ የተለየ ሰብስክሪፕሽን (በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ) አይጠይቅም፤ ሆኖም የሚከፈተው ኮምፒውተር ቢያንስ የፕሮ እትም ሊኖረው ይገባል፣ የሆም እትም ወደ ሌላው መግባት ይችላል እንጂ ሌላውን አያስገባም። ከዚህ በላይ ሁለት ነገሮች ለእኛ ሥራ አያመቹም። አንደኛ፣ እርስዎ ሲገቡ እዚያ ያለው ስክሪን ስለሚቆለፍ ደንበኛው የሚሠሩትን እያየ «ይኼኛው የእኔ አይደለም» ሊልዎት አይችልም። ሁለተኛ፣ ሪሞት ዴስክቶፑ የሚገባበትን የግንኙነት በር፣ ፖርት 3389ን፣ በቀጥታ ለኢንተርኔት መክፈት ለሰርጎ ገቦች በር መተው ስለሆነ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተመሠጠረ የግል መንገድ) ማዘጋጀት ግድ ይላል። የጉግሉ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ለመትከል ቀላል፣ ክፍያም የሌለው ነው፤ የራስን አንድ ኮምፒውተር ከቤት ለመክፈት ይበቃል፣ ብዙ ደንበኛ ለያዘ ቢሮ ግን ማን መቼ የት እንደገባ ለመቆጣጠር አይመችም።

ወደሚከፈልባቸው ስንመጣ 3 የሂሳብ ሠራተኞችና 40 የደንበኛ ኮምፒውተሮች ያሉትን ቢሮ እናስብ። ክፍያው በሰው ከሆነ 3 ፈቃድ ይገዛል። እያንዳንዱ በራሱ ስምና ፓስወርድ ስለሚገባ የማን እጅ እንደነበረበት ይታወቃል፣ ሠራተኛ ሲለቅም የእርሱን አካውንት መዝጋት ይበቃል። ጉድለቱ ከወር እስከ ወር ደንበኞች ዘንድ እየዞረ ለሚውለውና ቢሮ ለማይገባው ሠራተኛም እኩል መክፈሉ ነው። ለመቆጠብ ሲባል አንድ አካውንት ለሦስት መጠቀም በብዙዎቹ ውል የተከለከለ ከመሆኑም ሌላ፣ የደንበኛ ሂሳብ ሲበላሽ ሦስቱም «እኔ አይደለሁም» ይላሉ።

ክፍያው በመስመር፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በሚከፈት ግንኙነት ከሆነ፣ ሦስቱም አካውንት ኖሯቸው የሚቆጠረው በአንድ ጊዜ ገብተው ያሉት ብዛት ብቻ ነው። እኛ ቢሮ ከመግዛታችን በፊት አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈን የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ለሁለት ሳምንት ስንመዘግብ፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የገባበት ቀን አላገኘንም፤ ስለዚህ 2 መስመር በቃን። እርግጥ ያ የሚያዝያ ወር ነበር። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የሂሳብ መዝጊያና የግብር ማሳወቂያ ወቅት ያው ወረቀት ሌላ ነገር ይናገር ነበር፣ ስለዚህ መመዝገቢያው ወር በጥንቃቄ ሊመረጥ ይገባል። ለምሳ ሲወጡ ሳይዘጉት የቀሩት ግንኙነትም መስመሩን እንደያዘ ይቆያል፤ ቢሮ ውስጥ የሚነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚህ ነው።

በኮምፒውተር የሚቆጠረው ለዚህ ቢሮ አይሆንም፣ 40 ጊዜ መክፈል ነውና። በአንጻሩ ደብረ ብርሃን እየኖረ አረርቲ ላይ አንድ መጋዘን ላለው ነጋዴ ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው፤ እርሱም፣ ልጁም፣ የሂሳብ ሠራተኛውም ያንኑ አንድ ኮምፒውተር ቢከፍቱ የሚከፈለው የአንድ ነው። እዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ገደብ አለ፦ በሰው ወይም በመስመር የሚሸጡትም ብዙ ጊዜ ማንም በሌለበት በቋሚ ፓስወርድ የሚከፈቱትን ኮምፒውተሮች ብዛት ለብቻው ይወስናሉ። ደንበኛው ስልክ ይዞ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የመግቢያ ቁጥር እያነበበልዎት የሚገቡ ከሆነ ገደቡ አይነካዎትም፤ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ማታ የሚሠሩ ከሆነ ግን ከመክፈልዎ በፊት ገደቡ ስንት ኮምፒውተር እንደሆነ ይጠይቁ።

የክፍያው ጊዜ ሌላው ልዩነት ነው። ቲምቪወር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ለአንዴ ተከፍሎ የሚያዘውን ፈቃድ ትቶ ወደ ሰብስክሪፕሽን ዞሯል፤ በገበያው በወር ተሰልቶ የሚታየው ዋጋም ብዙ ጊዜ የዓመቱ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። ሂሳቡ በዶላር ወይም በዩሮ ስለሆነ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአምናው ዋጋ ሳይጨምር እንኳ በብር የሚወጣው በእጅጉ ጨምሯል። በእውነት ወር በወር የሚከፈል ካገኙ፣ የወሩ ዋጋ ቢወደድም ለአራቱ የግብር ወራት ብቻ መግዛት ከዓመቱ ሊረክስ ይችላል። ዓመታዊውን ከመረጡ በራሱ የሚታደስ መሆኑንና ከስንት ቀን በፊት ማቋረጥ እንደሚቻል በጽሑፍ ይጠይቁ።

ረስትዴስክ የተባለው ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም በራስ ሰርቨር (ግንኙነቶቹን በሚያገናኝ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ሊሠራ ይችላል፣ ለዚህም የሰው ቁጥር ክፍያ የሌለበት ነፃ የሰርቨር እትም አለው። ሰርቨሩን ቢሮ ካስቀመጡት ግን መብራት ሲጠፋ 40ውም ደንበኛ አብሮ ይጠፋል፤ ውጭ አገር ከተከራዩት ደግሞ ዶላሩ ተመልሶ መጣ። ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ በእጃቸው ላሉ እንጂ ለሁሉም አልመክረውም።

እኔ ለሂሳብ ቢሮ መስመርን፣ ለባለ አንድ መጋዘን ኮምፒውተርን፣ ባንክ ነክ መረጃ ለሚነካ ወይም ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ ለሚለዋወጥበት ድርጅት ሰውን እመርጣለሁ። የትኛውንም ቢሆን ሙከራውን በደንበኛው የሞባይል ዳታ፣ በሥራ ሰዓት፣ ፒችትሪን ከፍተው ያድርጉት፤ በቢሮ ዋይፋይ የፈጠነው መሐል ሜዳ ላይ ሊንቀራፈፍ ይችላል።