«የበላው ያንቺ እግር አይደለም»

ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ አምስት ወር ጠብቄያለሁ። ሆን ብዬ ነው። ባለፈው ጊዜ ከጋራዥ በወጣሁ ማግስት ለሰው ሁሉ «አሠራሁ፣ ተገላገልኩ» ብዬ አውርቼ፣ አራት ወር ሳይሞላ አፍሬያለሁ። ስለዚህ ዘንድሮ አፌን ዘግቼ ነዳሁ። አራተኛው ወር አለፈ። አምስተኛውም አለፈ። አሁን መኪናዬን የሠሩልኝን መካኒክ ጮክ ብዬ ላመስግን።

መኪናዬ አሮጌ ናት። የአባቴ ነበረች፤ መንዳት የተማርኩትም በእሷ ነው። ሽጪያት ያላለኝ ሰው የለም። አልሸጥኳትም። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ዓመት ተኩል ገደማ ነው። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። በተለይ በአራተኛና በአምስተኛ ማርሽ፣ በተለይ ዳገት ላይ። ድምፅዋን ለሰማ የምትበር ይመስላል፣ እግረኛ ግን ይቀድመኛል። ቆይቶ የሆነ የሚቃጠል ነገር ይሸተኝ ጀመር። በግራ እግሬ የምረግጠው ፔዳልም መያዝ የሚጀምረው እግሬን ጨርሼ ልለቅ ትንሽ ሲቀረኝ ሆነ። መኪና የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ «ፍሪሲዮን ነዋ!» ይላል። እኔ ምኑን አውቄ። ለካ የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውና ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያቋርጠው ክፍል ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ኮፈኑን ከፈቱ፣ ትንሽ አጉረመረሙ፣ «ሞተሩ ደክሟል፣ መውረድ አለበት» አሉኝ። ሞተር! የጠሩት ዋጋ መኪናዋን ራሷን ሊገዛ ምንም አይቀረው። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ያኔ የማያውቁ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጠፍቷቸው አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጋራዥ «ፍሪሲዮን ነው» አለ። ልክ ነበር፣ አልክድም። ሁለት ቀን የተባለው ሥራ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ስደውል «ነገ»፣ ስሄድ «ዕቃ እየጠበቅን ነው»። በመጨረሻ «ሁሉም አዲስ ገብቷል» ተባልኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ከዚያ ያው የነገርኳችሁ ነው። ያው ሽታ፣ ያው ጩኸት።

ተመልሼ ስሄድ ሰውየው መኪናዋን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «እህቴ፣ ሴት ስትነዳው ፍሪሲዮን አይበረክትም፤ እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ» አለኝ። ሳቁ። እኔም የምለው ቢጠፋኝ አብሬያቸው ሳቅኩ። ከከፈልኩት ገንዘብ በላይ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ሳቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር «ይኸው እየበላሁት ነው» እላለሁ። አባቴ ሃያ ዓመት የነዳትን መኪና እኔ ገደልኳት እያልኩ።

እኚህን ሰው የጠቆመኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። «አንድ ጋሼ አሉ፣ ብዙ አያወሩም» ብሎ ነው የላከኝ። እውነትም አያወሩም። ኮፈን አልከፈቱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «ምን ትላለች?» ብለው ነው። መኪናዋን ማለታቸው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሳቁንም ጨምሬ። አልሳቁም። ከጎኔ ገቡና «ንጂ እስቲ ልጄ» አሉ።

ትንሽ እንደሄድን ሜዳ ላይ አስቆሙኝ። የእጅ ፍሬኑን በደንብ ሳቢ፣ አራተኛ አስገቢ፣ አሁን ቀስ ብለሽ ፍሪሲዮኑን ልቀቂ አሉኝ። ለቀቅኩ። ለካ ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ ተንቀጥቅጦ መጥፋት ነበረበት። ምንም አልሆነም። ዝም ብሎ ይዞራል። «በቃ፣ በቃ፣ አትድገሚው፣ ይጎዳታል» አሉ። «ሸራው ወይ አልቋል፣ ወይ ዘይት ነክቶታል። ካምቢዮው ወርዶ ሳላየው ግን አልምልልሽም።» ሸራ የሚሉት በፍሪሲዮኑ ውስጥ ተጣብቆ ጉልበት የሚያስተላልፈውን ክብ ዕቃ ነው፤ ካምቢዮ ደግሞ የማርሹን ሳጥን።

ይህችን «አልምልልሽም» እንዴት እንደወደድኳት! አንድ ዓመት ሙሉ ሳያዩ ሲምሉልኝ የነበሩ ሰዎች ናቸው የሰለቹኝ።

የዕቃውን ዋጋ ለብቻ፣ የእጃቸውን ለብቻ ጽፈው ሰጡኝ። ትልቁ ድካም ካምቢዮውን ማውረድና መልሶ መስቀል ስለሆነ፣ አንዴ ከወረደ ሸራውን፣ እሱን የሚጫነውን ሳህንና ፔዳሉ ሲረገጥ ሳህኑን የሚገፋውን ኩሽኔታ አብሮ መቀየር እንደሚሻል ነገሩኝ። አለበለዚያ በሌላ ወር ለአንዷ ኩሽኔታ ብለሽ ሙሉውን ሥራ እንደገና ትከፍያለሽ አሉ። ይህ እንኳ ገብቶኛል።

በማግስቱ ደወሉ። «ሳልገጥመው መጥተሽ እይው» አሉኝ። ማንም ጋራዥ ና እይ፣ ነይ እይ ብሎኝ አያውቅም። ስደርስ ዕቃው ካርቶን ላይ ተደርድሯል። ሸራው ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ በጣቴ ስነካው ዘይት። ከሞተሩ በስተኋላ ዘይት እንዳያልፍ የምትከለክል አንዲት የጎማ ቀለበት አለች። ስሟን ነግረውኝ ነበር፣ ረሳሁት። እሷ ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ዘይቱ በእሷ በኩል ሲንጠባጠብ ኖሮ አዲሱን ሸራ አጨማልቆታል። ሁለተኛው ጋራዥ «ሁሉም አዲስ» ካለው ውስጥ ደግሞ አዲስ የነበረው ሸራው ብቻ ነው። ሳህኑ የጥንቱ። ቀለበቷም ካምቢዮው ወርዶ ሳለ ዓይናቸው ሥር ነበረች። ትንሽ ጎማ! እሷን ባለመቀየር ነው እኔ አንድ ዓመት የተንገላታሁት።

ጋሼ ረዳቶቻቸውን ጠሩ። ሦስቱም ቆሙ። ከዚያ ሸራውን አንስተው፣ ሁሉም እየሰሙ፣ «አየሽ ልጄ? የበላው ያንቺ እግር አይደለም። ዘይት ነው። ሸራ ዘይት ከጠጣ ማንም ይንዳው ይንሸራተታል» አሉ።

ልጆቹ እንዲማሩ ነው የጠሯቸው ወይስ እንዲሰሙልኝ፣ እስካሁን አላወቅኩም። እንባዬ መጣ። ለፍሪሲዮን ሸራ ያለቀሰች ሴት አይተው ያውቁ እንደሆን እንጃ።

ባሉኝ ቀን፣ ባሉኝ ሰዓት ጨረሱ። ጭራሽ ገንዘብ መለሱልኝ። ቮላኖ የሚሉት፣ ሸራው የሚጣበቅበት የሞተሩ ከባድ ብረት፣ ተፍቆ እንዲስተካከል ቶርኖ ቤት ይሄዳል ብለው ሂሳብ ውስጥ አስገብተውት ነበር፤ ሲያዩት ደህና ሆኖ ተገኘ። ዝም ቢሉ በምን አውቃለሁ? አሮጌዎቹን ዕቃዎችም በማዳበሪያ ጠቅልለው ከኋላ ጫኑልኝ።

ሊያስረክቡኝ አብረን ስንነዳ ግን አልማሩኝም። «እግርሽ ፔዳሉ ላይ ማረፍ ይወዳል» አሉ ፈገግ ብለው። ዳገት ላይ ደግሞ ቆሜ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ይዤ መኪናዋን ሳንሳፍፋት አዩኝ። «የእጅ ፍሬን ለምን የተሠራ ይመስልሻል?» አሉ። አባቴ ነው እንዲህ ያስተማረኝ አልኳቸው። ዳገት ላይ የእጅ ፍሬን የሚስብ ሹፌር አይባልም ይል ነበር። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ጎበዝ ሹፌር ነበሩ ማለት ነው» አሉ። ቀጥለው፣ «ሸራ ግን ይጨርሳል።»

ሳቅን። ይህኛውን ሳቅ ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ሳላጣድፋት፣ ከባድ ሳልጭንባት እንድነዳ አስጠንቅቀው ሸኙኝ። ፔዳሉ አሁን እንዴት እንደለሰለሰ አልነግራችሁም። ማርሹ እንደ ቅቤ ነው የሚገባው።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ማርሽ ያላት አሮጌ መኪና ይዛችሁ በየጋራዡ የምትንከራተቱ፣ «ሞተር ይወርዳል» የተባላችሁ፣ በእግራችሁ የተሳቀባችሁ፣ እባካችሁ አንድ ጊዜ ለእኚህ ሰው አሳዩ። ሳታሳዩ አትክፈሉ። ቦታው ጠባብ ነው፣ መቀመጫ የለም፣ ወረፋም አለ፤ ታገሱ። አውቶማቲክ ለያዛችሁ አዝናለሁ፣ «አልነካም» ይላሉ።

ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉ በጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ መኪና ሥር ናቸው፣ አያነሱም።