አይጥን ከተጎታች ቤት ለማስቀረት ምን ልግዛ? መድፈኛ፣ ወጥመድ፣ መርዝ፣ ሽታና ድምፅ ሲነጻጸሩ

አራት ወር ቆሞ የከረመውን ተጎታች ቤቴን፣ በመኪና እየጎተትኩ የምጓዝበትን ቤት፣ በር ስከፍት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የአይጥ ሽንት ሽታ አንዴ ካወቁት አይጠፋም። ግድግዳው ላይ የሰካሁት፣ የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ አይጥ ያባርራል የተባለው አልትራሶኒክ መሣሪያ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ ሥራ ላይ ነው። ከሥሩ ያለውን መሳቢያ ሳብኩት። ፎጣዎቹ መሃል ቡጢ የሚያክል ጎጆ ተሠርቷል። የፍራሽ ስፖንጅ አለበት፣ የተበጫጨቀ ሶፍት አለበት፣ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት የካርቶን ቁራጭም አለበት። ካርቶኑን አወቅኩት። ያ አልትራሶኒክ የተሸጠበት ማሸጊያ ነው።

ከዚያ ወዲህ የአይጥ መከላከያ ልገዛ ስል አንድ ጥያቄ አስቀድማለሁ፦ እኔ በሌለሁበት ምን ይሠራል? መኖሪያ ቤት የገባች አይጥ ሌሊት ስትንኮሻኮሽ ትሰማለች፤ በማግስቱ ዘመቻ ይጀመራል። ተጎታች ቤት ግን ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰው የለበትም። ጸጥ ያለ ነው፣ ፍራሽ አለው፣ ዝናብ አያገኘውም። የቤት አይጥ ከ19 እስከ 21 ቀን አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ትወልዳለች። ልጆቿ በ6 ሳምንት ገደማ ራሳቸው ለመውለድ ይደርሳሉ። በወር አንዴ ብቅ የሚል ባለቤት ይህን ሩጫ አያሸንፍም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩት በዚያች ጥያቄ ነው።

ቀዳዳ መድፈኛዎች

ብራችሁ መጀመሪያ እዚህ ይግባ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

አይጥ ጭንቅላቷ ካለፈ ገላዋ ይከተላል። 6 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃታል። መለኪያ መግዛት አያስፈልግም፤ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ አይጥም ያስገባል።

ጎማውን በታኮ አስይዙና ካርቶን አንጥፋችሁ ከሥሩ በጀርባችሁ ተኙ። በክሪክ ብቻ የቆመ ተጎታች ሥር ግን በፍጹም አትግቡ። ውስጥ ያለ ሰው መብራት ያጥፋ፣ የሳህን ማጠቢያውን ቁምሳጥን ከፍቶ ይጠብቅ። እናንተ ከታች በባትሪ አብሩ። እሱ ብርሃን ካየ ቀዳዳ ተገኘ ማለት ነው። እኔ እንዲህ ሳደርግ ያገኘሁትን ትልቁን ቀዳዳ አይጥ አልቆፈረችውም፤ ከተሠራበት ጀምሮ የነበረ ነው። የቆሻሻ ውሃ ማውረጃው ቱቦ ሁለት ጣት ያህል ይወፍራል። የተቆረጠለት ቀዳዳ ግን እጄን እስከ አንጓው ያስገባል። ጠርዙ ላይ ጥቁር ቅባት የመሰለ ነገር ተለጥፏል። አይጥ አንድ መንገድ ስትመላለስበት ከጸጉሯ የሚቀር እድፍ ነው። ያንን እድፍ ያያችሁበት ቦታ ዋናው በሯ ነው።

የጋዝ ቱቦው መግቢያ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚወጣበት ትንሽ በር፣ ከጎማው በላይ ያለው የፓራፋንጎ ጥግ፣ ወደ ውጭ የሚንሸራተት ክፍል ካለው ደግሞ የሱ መዝጊያ ላስቲክ ጠርዝ፣ እነዚህም መታየት አለባቸው።

አሁን ወደ ግዢው። የሚደፈንባቸው ነገሮች አራት ያህል ናቸው፤ ሻጩ ሁሉንም አንድ አድርጎ ቢያወራም ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ርካሹ የብረት ሱፍ ነው፤ ለድስት መፈተጊያ ከምናውቀው ሽቦ የቀጠነው ዓይነት። አይጥ ማኘኩን አትወደውም። ችግሩ ይዝጋል። የተጎታች ሥር ደግሞ ውሃና ጭቃ የሚረጭበት ቦታ ነው። ዝጎ ሲፈረፈር ቀዳዳው ተመልሶ ይከፈታል፣ ግድግዳው ላይም ቡናማ መስመር ይወርዳል። በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ብልጭታ ካገኘውም ይቀጣጠላል። ከባትሪው ወይም ከተላጠ ገመድ አጠገብ እንዳታስገቡት። ለደረቅ ቦታ፣ ለምሳሌ ለቁምሳጥን ጀርባ፣ ይሆናል።

የመዳብ መረብ ወደድ ይላል። እኔ ግን የምገዛው እሱን ነው። እንደ ብረት ዝጎ አያልቅም። ልስልስ ስላለ በካቻቢቴ ጫፍ እየተገፋ ጠማማ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። አንድ ነገር ብቻ ይታወቅ። መዳብ እርጥበት ባለበት ከአሉሚኒየም ጋር ሲነካካ አሉሚኒየሙ ይበላል። የብዙ ተጎታች ቤቶች የውጭ ልባስ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። እዚያ ቦታ መጀመሪያ ጠርዙን ሲሊኮን እቀባለሁ፣ ሲደርቅ መረቡን አስገባለሁ፣ ከላይ ደግሞ እንደገና ሲሊኮን። የማይዝገው የስቴንለስ ሱፍም ጥሩ ምርጫ ነው፤ ግን ጠንከር ስለሚል ጓንት ሳታጠልቁ እንዳትነኩት፣ ጣት ይቆርጣል።

ከጣሳ እየተነፋ የሚያብጠው ፎምስ? ብቻውን ከሆነ ብር መጣል ነው። አይጥ እንደ ዳቦ ትገምጠዋለች። ከመረብ ጋር ሲሆን ግን ዋጋ አለው፤ መንገድ ላይ በሚናጥ ተጎታች መረቡ እንዳይወድቅ ይይዘዋል። ንፋስም ይዘጋል። ሻጩ «ፎሙ ብቻ ይበቃል» ካላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሰፊ ክፍተት ላይ ወንፊት ሽቦ ነው የሚያዋጣው። ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ዚንክ የተቀባ ይሁን። ለወባ ትንኝ የሚሠራውን የፕላስቲክ ወንፊት ለዚህ እንዳትገዙ፤ አንድ ሌሊትም አይቆይ። እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። የፍሪጁ ማናፈሻ በወንፊት ይጋረዳል እንጂ አይደፈንም። የጋዝ ሲሊንደሩ ሳጥን ታች ያለው ክፍትም ለምክንያት የተተወ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ ፕሮፔን፣ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ በዚያ በኩል ይወጣል። የማሞቂያው ጭስ መውጫ ላይ ደግሞ የአምራቹ መመሪያ ካልፈቀደ ወንፊትም ቢሆን አትሰሩበት። አይጥ አስቀራለሁ ብሎ በጭስ መታፈን አለ።

ወጥመዶች

የስፕሪንጉን ወጥመድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዊልያም ሁከር የተባለ አሜሪካዊ የፈጠራ መብት ያወጣለት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ «ዘመናዊ» ነገር ቢመጣም ለእኔ አሁንም የሚያስንቀው አልተገኘም። የእንጨቱ ርካሽ ነው፤ ግን ለማጥመድ ጣት ያስፈራል፣ ደም ሲነካውም አይጸዳም። የፕላስቲኩ ዋጋው ይጨምራል፣ በአንድ እጅ ይጠመዳል፣ ይታጠባል። ሳትነኳት የሞተችውን መጣል ትችላላችሁ። ሰው ምን ያህል እንደሚጸየፍ አይቶ ይምረጥ።

አንድ ብቻ ገዝቶ መሃል ወለል ላይ ማስቀመጥ ግን የተለመደ ስህተት ነው። አይጥ የምትሄደው ግድግዳ ታክካ ነው። ወጥመዱ ከግድግዳው ጋር እንደ T ፊደል ሆኖ፣ ማጥመጃው ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ። ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የአተር ፍሬ ያህል ብቻ። ከበዛ የወጥመዱን ምላስ ሳትነካ ጠርዙን ልሳ ትሄዳለች። እኔ 6 አስቀምጣለሁ፤ ማጠቢያው ሥር፣ ከመሳቢያዎቹ ጀርባ፣ ከሁለቱም ጎማዎች በላይ። ተጎታቹን ስታንቀሳቅሱ ደግሞ ፈትታችሁ አንሷቸው። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ሁሉም በአንዴ ጧ ይላሉ። እኔ ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ዳር ይዤ ቆሜ አውቃለሁ።

በጥያቄያችን ስንመዝነው የስፕሪንግ ወጥመድ እናንተ በሌላችሁበት አንዴ ይሠራል፣ ከዚያ ያበቃለታል። የሞተችውን የሚያነሳ ከሌለ ትበሰብሳለች። ስለዚህ ወደ ተጎታቹ መሄድ ለሚያዘወትር ሰው ነው።

የኤሌክትሪኩ ሳጥን በባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ በአንድ ምት ይገድላል፣ ደም የለውም፣ መብራቱ ተይዛለች ብሎ ይነግራል። ዋጋው ግን ከስፕሪንጉ በብዙ ይርቃል። ቆሞ በከረመ ተጎታች ውስጥም ባትሪ ድንጋዩ ይደክማል፣ ብርድ ካገኘው ይብሳል። ሰው እያለ ለሚደረግ ጉዞ ጥሩ ነው።

ሳትገድል የምትይዘው ሳጥን ለርኅሩኅ ሰው ትሸጣለች። ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን በየቀኑ የሚያያት ከሌለ የተያዘችው አይጥ በጥማትና በድንጋጤ ትሞታለች። ይህ ከስፕሪንጉ የከፋ ጭካኔ ነው። ቆሞ ለሚከርም ተጎታች አትግዙ። ሙጫው ደግሞ ጭራሽ አይነሳ። አይጧ ለሰዓታት እየተንፈራገጠች ነው የምትሞተው። እንግሊዝ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተራው ሰው እንዳይጠቀምበት ከልክላለች። አቧራ ሲይዘውም አይጣበቅም።

መርዝ

እውነቱን ለመናገር መርዝ ጥያቄያችንን ያልፋል። ሰው በሌለበት ይሠራል። ታዲያ ለምን አልገዛም?

ዛሬ በብዛት የሚሸጡት እንደ ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን ያሉት ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አይጧ በልታ ወዲያው አትሞትም፤ ቀናት ትቆያለች። በነዚያ ቀናት ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች። ጎጆዋ ደግሞ ያለው ግድግዳው ውስጥ፣ በስፖንጁና በእንጨቱ መካከል ነው። «ውሃ ሲጠማት ወጥታ ትሞታለች» የሚባለውን አትመኑ። እዚያው ትሞታለች፣ እዚያው ትሸታለች። መኖሪያ ቤት ቢሆን ሌላ ክፍል ይኬዳል፤ ተጎታች ቤት ያለው አንድ ክፍል ነው።

ሌላው መዘዙ ከቤቱ ውጭ ነው። የደነዘዘችውን አይጥ ጉጉት ይበላታል፣ የጎረቤት ድመት ትበላታለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ግድ ካላችሁ ከተጎታቹ ውጭ፣ በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ይሁን። ውሻ ከነካው ማሸጊያውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ለነዚህ መርዞች ቫይታሚን ኬ1 መድኃኒታቸው ነው።

ሽታና ድምፅ

የናና ዘይት ያሸታል፣ ለእኔም ደስ ይለኛል። ግን ይተናል። በቀናት ውስጥ ሽታው ይሳሳል፣ እናንተ ደግሞ የምትመለሱት ከወር በኋላ ነው። ለብል የሚደረገው ናፍታሊን ይባስ ብሎ ለሰው መርዝ ነው፤ ሽታው ፍራሹ ውስጥ ከገባ ከአይጧ በላይ እናንተን ያባርራል። ለልብስ ማድረቂያ የሚሸጡት ሽቶ የተነከሩ ጨርቆች? ለጎጆ የሚሆን ለስላሳ ጨርቅ ገዝታችሁ እያቀበላችኋት ነው።

አልትራሶኒክ ላይ ቂም ስላለኝ ሚዛናዊ ልሁን። ድምፁ ግድግዳ አያልፍም፤ ትራስና ፍራሽ ይውጠዋል። ተጎታች ቤት ደግሞ ሙሉው ትራስና ፍራሽ ነው። አይጥ መጀመሪያ ብትደነግጥ እንኳ ቶሎ ትለምደዋለች። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2001 እ.ኤ.አ. ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች፣ ስለነዚህ መሣሪያዎች የምትሉትን በሳይንስ ማስረጃ ደግፉ ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ገበያው ግን እንዳለ ነው።

ከመድፈን በፊት

አይጧን ውስጥ አስቀርታችሁ እንዳትደፍኑ። መጀመሪያ ወጥመድ አጥምዱ። ማታ ወለሉ ላይ በግድግዳው ጥግ ዱቄት በስሱ ነስንሱ፣ ጠዋት ዱካ እዩ። ሦስት ሌሊት ተከታታይ ዱካ ከጠፋ ድፈኑ።

ጽዳቱም ቀልድ አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክ 10 ጎብኚዎች ከአይጥ ሽንትና ኩስ ወደ ሰው በሚተላለፈው ሃንታ ቫይረስ ተይዘው 3ቱ ሞተዋል። አብዛኞቹ ያደሩት ግድግዳቸው ድርብ በሆነ የድንኳን ቤቶች ውስጥ ነበር። አይጦቹ ጎጆ የሠሩት በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ነው። የተጎታች ቤት ግድግዳም አሠራሩ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ኩሱን በደረቁ አትጥረጉት፣ በቫኪውምም አትምጠጡት፤ አቧራው ይነሳል። በርና መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ራቅ በሉ። ከዚያ ጓንት አጥልቁ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጡና አርከፍክፉ። 5 ደቂቃ ቆይቶ በሶፍት ይነሳ። አንዲት አይጥ በቀን 50 ገደማ ፍሬ ኩስ ስለምትጥል የበረኪናውን ጠርሙስ ትልቁን ግዙ።

ብር አጥሯችሁ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ካለባችሁ የመዳብ መረብና አንድ ቱቦ ሲሊኮን ይሁን። ትንሽ ከተረፈ 6 የፕላስቲክ ወጥመድ። እኔ ሥሩን ከደፈንኩ ወዲህ ሁለት ጊዜ አክርሜዋለሁ፤ ፎጣዎቹ እንደታጠፉ ነው ያገኘኋቸው። አልትራሶኒኩን አልጣልኩትም። አረንጓዴ መብራቷ ሌሊት ሽንት ቤት ለሚነሳ ሰው መንገድ ታሳያለች።