ልብስ ሳይደርቅ የሚያቆመው ድራየራችን፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ይህን ድራየር (የልብስ ማድረቂያ ማሽን) የገዛነው ባለፈው ዓመት ብርዱ ሳይገባ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ እርጥቡን አየር በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ እዚህ ሜሪላንድ ብዙ ሰው ቤት የሚገኘው ዓይነት። ቤታችን ልጆች ስላሉ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ባጠቃላይ ወድጄዋለሁ። ግን መሀል ላይ የእርጥበት ሴንሰሩ አስቸገረን፣ ይህን የምጽፈውም በተለይ ለሱ ነው። ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸው ባለሙያ ጠርተው፣ ገና መጥቶ ለማየት ብቻ ከመቶ ዶላር በላይ የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ። ለአልኮልና ለጥጥ የማይበልጥ ወጪ በቂ ሆኖ ሳለ ያንን ያህል ብር መውጣቱ ያናድደኛል።

ጥሩ ጎኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ድምፁ አይረብሽም፣ ከበሮው ሰፊ ነው፣ ፎጣ ለስለስ አድርጎ ያወጣል። ሴንሰሩ በደንብ ሲሠራ ደግሞ ልብስ ሳይቃጠልና ሳይጨማደድ ልክ ሲደርቅ ያቆማል። መብራትም ይቆጥባል። የዚህ ዓይነት ድራየር ማሞቂያ 5 ሺህ ዋት ገደማ ስለሚበላ በከንቱ የሚዞረው እያንዳንዱ ደቂቃ ቢል ላይ ይታያል።

ሴንሰር ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። በሩን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ ከብናኝ ማጣሪያው አጠገብ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች አሉ። በቃ እነሱ ናቸው። እርጥብ ልብስ ሁለቱን ባንዴ ሲነካ በመሀላቸው ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል። ልብሱ እየደረቀ ሲሄድ የሚያልፈው እየቀነሰ ይመጣል፣ ማሽኑን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድም ያንን አይቶ ደርቋል ብሎ ያቆማል። ብረቶቹ ሙቀት አይለኩም፣ ክብደትም አይለኩም። የሚያውቁት የነካቸውን ጨርቅ ብቻ ነው። ይህ ከገባችሁ ቀሪው ሁሉ ቀላል ነው።

ችግሩ የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የጂንስ ወገብና ኪስ እርጥብ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ቀጥሎ ፎጣ። በኋላ ላይማ ማሽኑ በተነሳ በትንሽ ጊዜ ውስጥ፣ ስክሪኑ 38 ደቂቃ ይል የነበረው ባንዴ ወደ 1 ይወርድና ጨርሻለሁ ብሎ ይጮሃል። እጄን ስከት ፎጣው ሞቅ ብሏል፣ ግን ጨመቅ ሳደርገው መዳፌ ይረጥባል።

ምንም ከመፍታቴ በፊት ያንኑ ልብስ መልሼ ከትቼ፣ ሴንሰሩን በማይጠቀመው፣ ደቂቃውን ራሳችሁ በምትሞሉት ፕሮግራም አስነሳሁት። ልብሱ በደንብ ደረቀ። ይሄ ሙከራ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። በደቂቃ ሲሞላ የሚያደርቅ ከሆነ ማሞቂያውም፣ ሞተሩም፣ የአየር ቱቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው። ጥርጣሬው ሴንሰሩ ላይ ብቻ ይቀራል። በደቂቃም አላደርቅ ካለ ግን ሴንሰሩን ተዉትና ወደ ቱቦው ሂዱ።

ከዚያ ብረቶቹን በስልክ መብራት አየኋቸው። ለዓይን ንጹሕ ናቸው፣ እንዲያውም ያብረቀርቃሉ። በጥፍሬ ፋቅ ሳደርግ ግን ነጣ ያለ፣ ሻማ የመሰለ ነገር ጥፍሬ ሥር ገባ። ምንጩ ድራየር ሺት ነው። ያ መዓዛ ያለው ወረቀት ሲሞቅ የሚለቀው ማለስለሻ ልብሱ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ብረቶቹም ላይ ይለጠፋል። ፈሳሽ ሶፍትነርም እንደዚያው ነው። ውሃው ጨው የሚበዛበት አካባቢ ከሆነ ደግሞ እሱም የራሱን ይጨምራል። ኤሌክትሪክ በዚያ ሽፋን ውስጥ ማለፍ ስለሚያቅተው፣ እርጥብ ልብስ ቢነካውም ማሽኑ የሚያየው ደረቅ ነው።

አጸዳዱ ቀላል ነው። ማሽኑ ይቀዝቅዝ፣ ከሶኬት ይነቀል። ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ ብረቶቹን ከዳር እስከ ዳር እሹ፣ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ። አልኮል ከሌለ ነጭ ኮምጣጤ ይሠራል። የብረት መፋቂያ አትጠቀሙ፣ ይጭረዋል፣ የተጫረ ነገር ደግሞ ቆሻሻ ቶሎ ይይዛል። አልኮል እሳት ስለሚወድ ሽታው እስኪጠፋ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ቆዩ። እኔ ቤት ያኔውኑ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ድራየር ሺት ትተናል፣ በምትኩ የሱፍ ኳሶች እንከታለን።

ከወራት በኋላ ግን እንደገና ማቆም ጀመረ። አሁን ብረቶቹ ንጹሕ ናቸው፣ ችግሩም ይመጣል ይሄዳል። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። እንዲህ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ የላላ ግንኙነት አለ። ብሬከሩን (ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ያለውን የመብራት ማጥፊያ) አጥፍቼ (240 ቮልት ነው፣ በዚህ ላይ ችላ ማለት የለም) ሶኬቱንም ነቅዬ፣ ብረቶቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈታሁ። የኛ ሞዴል ከፊት ይፈታል፣ የናንተ ሊለይ ይችላል። ስትስቡት ከኋላው ሽቦ ተያይዞ ይመጣል። ሽቦውን በቴፕ የማሽኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ያዙት፣ ወደ ውስጥ ከሾለከ ፊቱን በሙሉ መፍታት ይመጣል። አንደኛው የሽቦ ጫፍ ልል ብሎ ነበር፣ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። አውጥቼ መልሼ አጥብቄ ሰካሁት።

መልቲሜትር (ኤሌክትሪክ ማለፍ አለማለፉን የሚለካ መሣሪያ) ያለው ሰው እዚያው እያለ ይለካ። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ሁለቱን ብረቶች ስትነኩ ምንም ማንበብ የለበትም። እርጥብ ጨርቅ ብታስነኳቸው ወዲያው ንባብ ይመጣል። በደረቁም የሚያነብ ከሆነ ሁለቱ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል፣ እንዲህ ያለው ማሽን ልብሱ ደርቆም ማቆሚያ የለውም። ሁሉም ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ቦርዱ ነው፣ ያኔ ባለሙያ መጥራት ተገቢ ነው። ዋስትናው ካላለቀ ግን ማጽዳቱን ብቻ አድርጉ፣ ብሎን አትንኩ።

ብልሽት የሚመስል ግን ብልሽት ያልሆነም አለ። ሁለት ሸሚዝ ብቻ ከከተታችሁ ልብሱ ብረቶቹን ሳይነካ ይዞራል፣ ማሽኑም ደርቋል ብሎ ያቆማል። ትንሽ ልብስ ሲሆን በደቂቃ ሙሉት። ስስ ቲሸርትና ወፍራም ፎጣም ባንድ ላይ አይሄዱም።

ጋቢ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከበሮው ውስጥ ይጠቀለላል፣ ላዩ ይደርቃል፣ መሀሉ እንደረጠበ ይቀራል። ሴንሰሩ የሚነካው ላዩን ስለሆነ ጨርሻለሁ ይላል። የእጅ ፈትል በሙቀት ስለሚሰበሰብ፣ እኔ በዝቅተኛ ሙቀት ጥቂት አዙሬ፣ መሀል ላይ አውጥቼ ፈትቼ፣ የቀረውን ወንበር ላይ ዘርግቼ ነው የማደርቀው። ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ጭራሽ አላስገባም።

አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ የሷ ተቃራኒ ነው፣ ከሰዓት በላይ ይዞራል፣ ሴንሰር ልግዛ ወይ ብላ ደወለችልኝ። ሄደን ስናይ ማሽኑ ወደ ግድግዳ ተገፍቶ የኋላው ቱቦ ተጨፍልቋል፣ ውስጡም ብናኝ ሞልቶታል። እርጥቡ አየር መውጫ ሲያጣ ልብሱ በእውነት አይደርቅም፣ ሴንሰሩ እውነቱን ነው የሚናገረው። ይሄኛው በገንዘብ ብቻ የሚታይ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከድራየር ለሚነሳ የቤት ቃጠሎ ዋናው ምክንያት አለማጽዳት ነው። ማጣሪያውን በየዙሩ፣ ቱቦውን ቢያንስ በዓመት አንዴ አጽዱ። የፕላስቲክ ቱቦ ካላችሁ 4 ኢንች የብረት ቱቦ ገዝታችሁ ቀይሩት።

ድራየሩን ዛሬም ብገዛ ያንኑ እገዛለሁ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ያስቀረሁት በመመሪያው ምክንያት ነው፤ ብረቶቹን አጽዱ የሚለው ምክር ከኋላ፣ በትንንሽ ፊደል ነው የተጻፈው። በሩ ውስጥ፣ ማጣሪያው አጠገብ ሊለጠፍ የሚገባው ነገር ነበር።